ከልጆች ጋራ ሠፈር ስለ መለወጥ



ከጥቂት ወራት በፊት ከላስታ አገር የተጻፈ አንድ ደብዳቤ ደርሶን ነበር። ጸሐፊው የአራት ልጆች አባት የሆኑ ገበሬ ናቸው፤ የሚኖሩበትም ቀበሌ ከላሊበላ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ የሚያስኬድ ነው። ታላቂቱ ልጃቸው ስምንተኛ ክፍልን ፈጽማለች፤ ከዚያ በላይ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ግን በአቅራቢያቸው የለም። የገጠር ወላጆች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው፤ ልጁ ከሁለት ወይም ከሦስት የአገሩ ልጆች ጋራ በከተማ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ስንቁን እየያዘ እንዲማር ማድረግ የተለመደ ነው። እኒህ አባት ግን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ለብቻዋ በኪራይ ቤት እንድታድር አልወደዱም። ከባለቤታቸው ጋራ መክረው፤ መሬቱን ለወንድማቸው በእኩል ሰጥተው፤ ቤተ ሰቡ በሙሉ ወደ ከተማ እንዲገባ ቆረጡ።

የሚከራዩትም ቤት በሦስት ቦታ ተገኘላቸው። አንደኛው በአሮጌው ከተማ፤ የባለቤታቸው እናት እማሆይ በሚኖሩበት አጠገብ ያሉ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ናቸው። ሁለተኛው በኩራኩር፤ ይኸውም ከአብያተ ክርስቲያናቱ ራቅ ብሎ በተመሠረተው አዲሱ ሠፈር፤ ግቢ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ሦስተኛው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተወርዶ በሹምሸሃ በኩል ሲሆን፤ ለላምም ለዶሮም የሚበቃ ሰፊ ቦታ አለው። የሦስቱም ኪራይ እምብዛም አይለያይም። አባት ወደ ሦስተኛው ያደላሉ፤ እናት ደግሞ ወደ አንደኛው። «ለልጆቹ የሚሻለው የትኛው ነው? እናንተ ብትፈርዱልን እንታረቃለን» ሲሉ ጽፈውልናል።

እውነቱን ለመናገር፤ በመጀመሪያ ያዘጋጀነው መልስ ሰፊ ግቢ ያለበትን ምረጡ የሚል ነበረ። ልጅ መሮጫ ይፈልጋል፤ ንጹሕ አየር ይፈልጋል፤ የላሚቱም ወተት ለሕፃናቱ ነው ብለን አሳምረን ጻፍነው። ከባልደረቦቻችን አንዲቱ አንብባ ስታበቃ፤ «ውኃውን የሚቀዳው ማን ነው?» ብላ ብትጠይቀን መልስ አጣን፤ ወረቀቱንም ቀደድነው። እኛም ቤቱን ለካን እንጂ መንገዱን አልለካንም ነበርና።

ላሊበላ ሠፈር ስለ መለወጥ ከብዙ ከተሞች ይልቅ የሚያውቅ ከተማ ነው። ዐሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከተጻፉ በኋላ እንኳ፤ በዙሪያቸው የካህናቱና የምእመናኑ ቤቶች ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹም በቀዩ ድንጋይና በጭቃ የተገነቡ፤ ሣር የለበሱ፤ ደርብ ያላቸው ክብ ቤቶች ነበሩ። ሰዉ ከቤቱ ደጅ ላይ ቆሞ ቅዳሴውን ይሰማ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ከ2009 ጀምሮ በዓለም ባንክ ብድር በተካሄደው የቱሪዝም ልማት ሥራ፤ ቅርሱን ለመጠበቅና አካባቢውን ለማጽዳት ሲባል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ብዙ ቤተ ሰቦች ተነሥተው በኩራኩር እንዲሠፍሩ ተደረገ። ከክብ ቤቶቹም አንዳንዶቹ እንደ ቅርስ ተጠብቀው ቀርተዋል። ዛሬ ጎብኚ ሲያያቸው ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ጭስ የማይወጣበት ቤት ለእኛ ምን ጊዜም ያሳዝነናል።

የተነሡት ሰዎች ያገኙት ነገር አለ፤ ያጡትም ነገር አለ። ያገኙትን ማቃለል ተገቢ አይደለም። ቀድሞ ጎረቤት ከጎረቤት ግድግዳ ይጋራ በነበረበት ፈንታ፤ ግቢና የተለየ ማድ ቤት ለመሥራት የሚያስችል ቦታ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሕፃን ሳንባ ከምድጃ ጭስ መለየቱ ብቻ ትልቅ ጥቅም ነው። የቆርቆሮ ጣራም ክረምት ሲሆን የውኃ ምንጭ ይሆናል። አሸንዳ ተደርጎለት በርሜል ከተቀመጠለት፤ 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጣራ 10 ሚሊ ሜትር ዝናም ሲወርድበት እስከ 400 ሊትር ውኃ ይሰጣል፤ ይህም ሃያ ጀሪካን መሆኑ ነው። በሌላ ወገን ግን፤ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያኽል ከፍታ ላይ ያለ ብርዳም አገር ስለ ሆነ፤ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ይዞ ሲያድር፤ ቆርቆሮው ቀን እንደ ምጣድ ግሎ ሌሊት እንደ ውርጭ ይቀዘቅዛል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት የሚከራይ ሰው፤ ለሕፃን የሚሆን ወፍራም ጋቢ ዋጋ በኪራዩ ላይ ደምሮ ያስብ።

ያጡት ነገር ግን በሜትር የሚለካ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መመለስ የጥቂት እርምጃ ነገር የነበረው፤ ረጅም መንገድ ሆነ። በልደት ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣውን ምእመን ተቀብሎ፤ እግሩን አጥቦ፤ ከቤቱ ማሳደር የላሊበላ ሰው ወግ ነው፤ ልጆቹም ይህን እያዩ ያድጋሉ። ቤቱ ከመንገደኛው ሲርቅ ግን እንግዳውም ይርቃል። ደግሞም አንድ ቤት ቡና ሲፈላ የሚጠራራው ጎረቤት፤ ሁሉም በየዕጣው ስለ ሠፈረ ተበታተነ።

ይህ የሐበሻ ብቻ ጠባይ ነው እንዳይባል፤ የእንግሊዞችን ነገር እናንሣ። ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1957 ስለ ምሥራቅ ለንደን ቤተ ሰቦች ኑሮ አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ቤትናል ግሪን ከሚባለው የተጨናነቀ አሮጌ ሠፈር፤ ከከተማው ውጭ ወደ ተሠራ አዲስ ሠፈር የተዛወሩትን ሰዎች ጠየቁ። ብዙዎቹ የተዛወሩት ለልጆቻችን ስንል ነው አሉ። አዲሶቹም ቤቶች በእርግጥ የአትክልት ቦታ ያላቸው፤ ከቀድሞዎቹ እጅግ የተሻሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ በአሮጌው ሠፈር እናቷን በየዕለቱ ታገኝ የነበረች ሴት፤ በአዲሱ ሠፈር ቀኑን ሙሉ ለብቻዋ ትውል ጀመር። ልጅ ሲታመም የሚያይላት፤ ገበያ ስትሄድ የሚጠብቅላት አጣች። ከአሮጌው አዲስ አበባ ወደ ጀሞ፤ ወደ የካ አባዶና ወደ ኮዬ ፈጬ ጋራ መኖሪያ ቤቶች የገቡ እናቶች ይህን ሲያነቡ፤ ለንደን ሩቅ አገር አይመስላቸውም።

እንግዲህ ከአሮጌ ሠፈር አለመውጣት ይሻላል ልንል ነውን? አይደለም። ለዚህም ሌላ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ አገር ከ1994 እስከ 1998 ድረስ፤ በአምስት ትልልቅ ከተሞች በከፋ ድኽነት ውስጥ ይኖሩ የነበሩ 4,600 ያኽል ቤተ ሰቦች በዕጣ ተለይተው፤ አንዳንዶቹ ድኽነት ወዳነሰበት ሠፈር የሚገቡበት የኪራይ ድጎማ ተሰጣቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ፤ በ2016 ታትሞ በወጣው ጥናት፤ ራጅ ቼቲ፤ ናትናኤል ሄንድረንና ሎረንስ ካትዝ የልጆቹን መጨረሻ መርምረው ነበር። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ተሻለው ሠፈር የገቡት ልጆች፤ አድገው ሥራ ሲይዙ ገቢያቸው እዚያው ከቀሩት እኩዮቻቸው በ31 በመቶ ያኽል በልጦ ተገኘ። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም፤ ይባስ ብሎ ጥቂት የተጎዱ መሰሉ። ሊቃውንቱ እንደ ገመቱት፤ ለታናሹ ልጅ በመልካም ሠፈር የሚያድርበት እያንዳንዱ ዓመት ይጠራቀምለታል፤ ለታላቁ ግን ዓመቱ አጭር ሆኖ፤ ከባልንጀሮቹ የመለየቱ ጉዳት ያመዝናል።

አሜሪካ ላስታ አይደለም፤ የዚያን አገር ቁጥር እዚህ አምጥተን አንለጥፍም። ነገር ግን ለጠያቂያችን ቤት አንድ ነገር ያስተምራል። አራቱ ልጆቻቸው ዐሥራ አምስት፤ ዐሥራ ሁለት፤ ስምንትና አራት ዓመት የሆናቸው ናቸው። ለውጡ የተጀመረው ስለ ታላቂቱ ሲባል ነው፤ ከሠፈሩ ይልቅ የሚጠቅሙት ወይም የሚጎዱት ግን ሁለቱ ትንንሾች ናቸው። ስለዚህም፤ ታላቂቱ የምትማርበትን ትምህርት ቤት ካረጋገጡ በኋላ፤ ሠፈሩን በአራት ዓመቱ ልጅ እግር ለኩት ብለን ጻፍንላቸው።

እንዴት ይለካል? ቅዳሜ፤ ገበያተኛው በሚበዛበት ቀን፤ ሕፃኑን ይዛችሁ ከታሰበው ቤት ተነሡና፤ ወደ ውኃው፤ ወደ ትምህርት ቤቱ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ ጤና ጣቢያው በየተራ በእግር ሂዱ። በእናንተ እርምጃ ሳይሆን በሕፃኑ። የላስታ መሬት ዳገትና ቁልቁለት ነውና፤ በካርታ ቅርብ የሚመስለው ቦታ ከጉልበት በላይ ሊሆን ይችላል። በበጋ የምትሻገሩት ደረቅ ጎርጎጭ፤ ሐምሌ ላይ ደራሽ ውኃ የሚወርድበት እንደ ሆነ የሠፈሩን ሰው ጠይቁ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ደግሞ ዝናሙ በሚከፋበት በከሰዓት በኋላ ነው።

ስለ ውኃው ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም ባልደረባችን የጠየቀችን ጥያቄ ይህ ነው። ሙሉ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ ክብደቱም 20 ኪሎ ነው። የዐሥር ዓመት ልጅ ራሷ የምትመዝነው ከሠላሳ ኪሎ ብዙ አይርቅም። ለስድስት ሰው ቤት በቀን ሦስት ጀሪካን እንኳ ቢቀዳ፤ ያንን የሚሸከመው በአብዛኛው ሴት ልጅ መሆኗ የታወቀ ነው። በዓለም ያሉ የጤና ድርጅቶች ደርሶ መልስና ወረፋው ጭምር ከሠላሳ ደቂቃ ባይበልጥ ይላሉ። ከዚያ የበለጠ የሚያስኬድ ሠፈር ግቢው ምንም ቢሰፋ፤ የተማሪዋን የጥናት ሰዓት የሚበላ ነው። ቧንቧ አለ ሲባልም በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ቤቱን የሚያከራየውን ሰው አትጠይቁ፤ ጀሪካን ይዛ የምትመለሰውን ጎረቤት ጠይቁ።

ስለ ሹምሸሃ የተሰማን ሥጋት ሌላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር አይሞላም፤ ከላሊበላ ከተማ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ለወባ የተጋለጠ እንደ ሆነ ይቆጠራል። የደጋ ልጅ ደግሞ ለወባ ባዕድ ነው፤ ሲይዘው ይከፋበታል። ይህ ማለት በዚያ የሚኖር የለም ማለት አይደለም፤ ሞልቶ ይኖራል። ነገር ግን የአራት ዓመት ሕፃን ይዞ ከደጋ የሚወርድ ቤተ ሰብ፤ ከላሚቱ አስቀድሞ አጎበሩን፤ ከአጎበሩም ጋራ ትኩሳት ሲነሣ በሌሊት የሚደረስበትን ጤና ጣቢያ ማሰብ አለበት። ታላቂቱም ልጅ ከዚያ እየተመላለሰች በከተማ እንድትማር በየቀኑ የመኪና ዋጋ ያስፈልጋታል፤ መኪና የሌለ ቀንስ?

አሮጌውን ከተማ ብናመሰግነውም፤ የእርሱንም ጉድለት መደበቅ አይገባንም። እንግዳ በሚበዛበት ጎዳና ያደገ ልጅ ቋንቋ ቶሎ ይለምዳል፤ ዐይኑም ይከፈታል። ያው ልጅ ግን ከፈረንጅ ኋላ እየተከተለ፤ «መጽሐፍ ግዛልኝ፤ ኳስ ግዛልኝ» ማለትንም ይለምዳል። አንድ ጊዜ በለስ የቀናው ልጅ አባቱ በወር የማያገኘውን ገንዘብ በአንድ ከሰዓት ይዞ ሲገባ፤ አባት በየትኛው ቃል ትምህርት ይበልጣል ብሎ ይገሥጸው? በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲመጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ፤ ጎብኚው በቀረ ጊዜ የተጎዱት በዚህ መንገድ ብቻ የተመኩት ቤቶች ናቸው። እኛ ልጆችን ከእንግዳ ይሸሹ አንልም፤ ዳሩ ግን የትንንሾቹ መጫወቻ ቦታ የሆቴል በር መሆን የለበትም።

ስለ ጦርነቱ ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። መብራትና ስልክ፤ ባንክም በተቋረጠበት በዚያ ወራት፤ ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ሆኖ ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ቃል ያን ጊዜ ያልመረመረው ሰው አልነበረም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፤ ልጆች ዓመት ሙሉ ከትምህርት ርቀው የቀሩበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ፤ «ትምህርት ቤት አለ ወይ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ባለፈው ዓመት ስንት ወር አስተማረ? እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?» በሉ። ከቀድሞውም ትምህርት ቤት የልጆቹን መሸኛና የውጤት ካርድ በእጃችሁ ሳትይዙ አትነሡ፤ በተቻለ መጠንም የስምንተኛ ወይም የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቀውን ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ከመምህራኑ አትለዩት።

ይህን ሁሉ ጽፈን የትኛውን ይምረጡ ሳንል ቀረን። አባትየው ፍርድ ጠይቀውን መንገድ ብቻ ስላሳየናቸው ቅር ይላቸዋል ብለን ነበር።

በቅርቡ ሁለተኛ ደብዳቤያቸው መጣልን። እንደ መከርናቸው፤ ባልና ሚስት ትንሹን ልጅ ይዘው ሁለት ቅዳሜ ሲዞሩ ውለዋል። ሹምሸሃን የተዉት ገና ሳይለኩ፤ እናትየው የወባውን ነገር ባነበቡ ጊዜ ነው። በአሮጌው ከተማ ያሉት ሁለት ክፍሎች ለእማሆይ ቤት የቀረቡ ቢሆኑም፤ መስኮቱ አንድ ብቻ ሆኖ፤ ምድጃውም በዚያው በመኝታው ክፍል ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ወደ ኩራኩር ሄደው ግን ያላሰቡት ነገር ገጠማቸው። ጀሪካን ይዘው ያገኟቸውን እናት ስለ ውኃው ሲጠይቁ፤ ሴትዮዋ የባለቤታቸውን ፊት አይተው፤ «የእማሆይ ልጅ አይደለሽም ወይ?» አሏቸው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ሳሉ የእማሆይ ጎረቤት የነበሩ፤ ከተነሡት ጋራ የተነሡ ሰው ናቸው። ዘጠነኛ ክፍል የምትገባ ልጅም አለቻቸው። ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚመጣ፤ በቀረው ቀን ምን እንደሚደረግ፤ የትኛው ቤት በርሜል እንዳለው አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ ቡናም አፈሉላቸው።

እንግዲህ ቤተ ሰቡ የገባው ኩራኩር ነው። ላሚቱ ከወንድማቸው ዘንድ ቀርታለች፤ አባትየው ይህን ሲጽፉ ቅሬታ እንዳለባቸው ያስታውቃል፤ እኛም አንፈርድባቸውም። ሁለቱ ልጃገረዶች ጠዋት ተጠራርተው አብረው ወደ ትምህርት ቤት ይወርዳሉ። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ የአገሩን ልጆች እያሰበ አሁንም ከቤት አይወጣም፤ ይህም እናቱን ያሳስባቸዋል፤ ከአባት ጋራ በየሁለት ሳምንቱ ወደ ገጠር እንዲወጣ አድርገውለታል። እማሆይ ግን፤ «እኔ ከደጀ ሰላሙ አልርቅም» ብለው ከቤታቸው አልተነሡም። እሑድ ቤተ ሰቡ በእግር ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ከቅዳሴ በኋላ ምሳውን የሚበላው እርሳቸው ዘንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሹ ልጅ ዳገቱ መካከል፤ ከአንዲት የወይራ ዛፍ ሥር ሲደርስ ቆሞ፤ «አባዬ፤ እዘለኝ» ይል ነበረ። ደብዳቤው በተጻፈበት እሑድ ወይራይቱን አልፎ፤ ከላይኛው ጠመዝማዛ ላይ ነው እዘለኝ ያለው።